ለመሐንዲስነት የሚበቃው ማን ነው?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ወጣ የተባለ ሰሞን በየቤቱ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ልጁ ስንት አመጣ?» ቁጥሩ ከተነገረ በኋላም ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፤ «እንግዲህ ምን ሊማር ነው?» ለዚህኛው የአባት መልስ ከዱሮ ጀምሮ የተዘጋጀ ነው፤ ወይ ሐኪም ወይ መሐንዲስ። እናትም ራሷን ነቅንቃ ታጸድቀዋለች። ልጁ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ዝምታውን ዘመዶቹ በጨዋነት ይተረጉሙለታል፤ እኛ ግን የምንጠረጥረው ሌላ ነው። መሐንዲስ ለመሆን የሚፈልግ ሰው ምን ምን እንደሚጠየቅ ቁጭ አድርጎ የነገረው ሰው የለም።

በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ደብዳቤ ሲያስገቡና ሲያወጡ ውለው፣ ማታ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ «እኔስ ትምህርቴን ለምን አልቀጥልም?» እያሉ የሚያስቡ ወጣት ሠራተኞችም አያሌ ናቸው። የዛሬው ዓምዳችን ለሁለቱም ወገን የተጻፈ ነው።

አስቀድሞ የቁጥሩን ነገር እናንሣ፤ ሳንነካው ብናልፍ አንባቢ አይለቀንምና። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በወጣው ደንብ መሠረት በቀጥታ ወደ ዩኒቨርስቲ የሚገባ ተማሪ ቢያንስ ከመቶ 50 ማምጣት አለበት። የዚያ ዓመት ተፈታኞች ከየሠፈራቸው ተነሥተው፣ ብርድ ልብሳቸውን ይዘው፣ በዩኒቨርስቲ ግቢ ውስጥ እየሰነበቱ ተፈተኑ። ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ ያህል ነበሩ፤ ይህም ማለት ከመቶ 3.3 ብቻ ነው። አገሩ በሙሉ ደነገጠ። በ2017 ዓ.ም. ፈተና ያለፉት ከፍ ብለው ከመቶ 8.4 ደርሰዋል። ለግማሹ ጥቂት ለጎደላቸው ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የማካካሻ ትምህርት ተጀመረ፤ ሕዝቡ «ሬሜዲያል» የሚለው ነው። ጥቂት ወራት ተምረው፣ ተፈትነው ያለፉ እንደ ማንኛውም ተማሪ አንደኛ ዓመት ይገባሉ። ለዚህ የሚያበቃው ነጥብ በየዓመቱ በማስታወቂያ የሚነገር ስለሆነ፣ ያምናው ነጥብ ለዘንድሮ ይሠራል ብሎ መዝናናት አይገባም።

ከዚህም በቀር አንዳንዶቹ ተቋሞች በአገር አቀፉ ፈተና ብቻ አይረኩም። የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲዎች ተማሪዎቻቸውን የሚመርጡት ተጨማሪ የመግቢያ ፈተና ሰጥተው ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲም በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ራሱን ለማስተዳደር ከበቃ ወዲህ አመልካቾቹን ራሱ ይፈትናል፤ ራሱም ይመርጣል። እንግዲህ አምስት ኪሎ ገብቼ ምሕንድስና እማራለሁ የሚል ወጣት ከአንድ ፈተና በላይ ማሰብ አለበት ማለት ነው። አምስት ኪሎ ያለው ትምህርት ቤት ዘሩ በ1945 ዓ.ም. ከተከፈተው የምሕንድስና ኮሌጅ የሚመዘዝ ስለሆነ፣ እዚያ ለመግባት የሚጋፋው ብዙ ቢሆን አይደንቅም።

ይህ ሁሉ ግን የበሩ ነገር ነው። እኛ ልንናገር የፈለግነው ከበሩ ወዲያ ስላለው ነው። በሩን የሚከፍተው ድምር ነው፤ ከገቡ በኋላ የሚያቆየው ግን ድምሩ አይደለም።

ነገሩን በምሳሌ እናሳይ። በ2017 ዓ.ም. የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የተፈተነው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ ነበር። እያንዳንዱ ከመቶ ሲታረም ድምሩ ከ600 ነው፤ ግማሹም 300 ነው። አሁን ሁለት ተማሪዎች አሉ እንበል። አንደኛው በእንግሊዝኛ 68፣ በባዮሎጂ 70፣ በኬሚስትሪ 58፣ በአፕቲትዩድ 60፣ በፊዚክስ 30፣ በሒሳብ 28 አገኘ። ሁለተኛው በሒሳብ 74፣ በፊዚክስ 66፣ በአፕቲትዩድ 56፣ በኬሚስትሪ 50፣ በእንግሊዝኛ 36፣ በባዮሎጂ 32 አገኘ። ደምሩት፤ የሁለቱም 314 ነው። በዘመድ ጉባኤ ፊት ሁለቱም እኩል ናቸው፤ ለሁለቱም እኩል በግ ይታረድላቸዋል። የምሕንድስና መምህር ፊት ሲቀርቡ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

አንደኛው ጎበዝ አንባቢ ነው፤ ሕግ ቢማር፣ ጤና ቢማር፣ እርሻ ቢማር ምናልባት ይደነቅበታል። ወደ ምሕንድስና ቢገባ ግን በመጀመሪያው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ግድግዳ ይገጥመዋል። ሁለተኛው ደግሞ ስሌቱን ያውቃል፤ የጥያቄውን ቋንቋ ግን በደንብ አይረዳም። የማንኛው ጉድለት ይቀላል ብትሉን፣ የሁለተኛው ይቀላል እንላለን። እንግሊዝኛ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት በማንበብ በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ሊሻሻል የሚችል ነገር ነው። ሒሳብ ግን እንደ ግንብ ነው። የታችኛው ድርድር ሳይቀመጥ የላይኛው አይቀመጥም። 7ኛ ክፍል ክፍልፋይ ያመለጠው ልጅ 9ኛ ክፍል አልጀብራ ይከብደዋል፤ አልጀብራ የከበደው 12ኛ ክፍል ካልኩለስ ጨለማ ይሆንበታል። ይህንን ጉድለት ወደ ኋላ ተመልሶ መሙላት ይቻላል፤ ነገር ግን ዩኒቨርስቲ ከገቡ በኋላ ጊዜ የሚሰጥ የለም።

አሁን ደግሞ ከበሩ ወዲያ እንግባ። በአገራችን የምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ አምስት ዓመት ይፈጃል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ሁሉም አዲስ ገቢ የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሳልፈው በጋራ ትምህርት ነው፤ ተማሪዎቹ «ፍሬሽማን» ይሉታል። በዚህ ዓመት ከሒሳብና ከፊዚክስ ጋር እንግሊዝኛ፣ የሥነ ልቡና ትምህርት፣ የኢትዮጵያ ጂኦግራፊና ታሪክ፣ የአስተሳሰብ ሥርዓት ትምህርትና ሌሎችም ይሰጣሉ። አንዳንዱ ተማሪ «እኔ ድልድይ ልሠራ መጥቼ ታሪክ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ያኮርፋል። እኛ አናኮርፍም፤ ድልድዩ የሚሠራው ለሰው ነውና። ዳሩ ግን ተማሪው ማወቅ የሚገባው፣ የእነዚህ ሁሉ ትምህርቶች ውጤት አንድ ላይ እየተደመረ በኋላ የሚማርበትን ክፍል እንደሚወስንለት ነው።

የሒሳቡ መሰላል እንዲህ ይወጣል። መጀመሪያ ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የሚሰጠው የጋራ ሒሳብ አለ። ቀጥሎ «አፕላይድ ማቴማቲክስ» የሚባለው በተራ ቁጥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ ይከተላል። ቬክተር፣ ማትሪክስ፣ ካልኩለስ፣ ከዚያም ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን እያለ ይሄዳል። ከጎኑ ስታቲክስ የሚባል ትምህርት ይመጣል፤ ይህም ሳይንቀሳቀስ ቆሞ የሚኖር ነገር፣ ግድግዳም ይሁን ድልድይ፣ ምን ምን ኃይል እንደሚገፋውና እንደሚስበው የሚመረምር ነው። እርሱን ተከትሎ የሚንቀሳቀሱትን የሚመለከተው ዳይናሚክስ፣ ብረትና እንጨት ስንት ጫና እንደሚችሉ የሚያሳየው የቁሶች ጥንካሬ ትምህርት ይመጣሉ። ስታቲክስ ትሪጎኖሜትሪን ይፈልጋል። ዳይናሚክስ ካልኩለስን ይፈልጋል። ሳይን እና ኮሳይንን ለፈተና ብቻ ሸምድዶ የረሳ ተማሪ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው። ሲጋለጥም በአንድ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ በሦስትና በአራቱ በአንድ ጊዜ ነው።

«ይህ ሁሉ ስሌት ለምንድር ነው? ግንበኛው ያለ ካልኩለስ ቤት ይሠራ የለም ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልስ።

አንድ ባለ ቤት ከኮለን እስከ ኮለን 4 ሜትር የሆነውን ሳሎኑን 6 ሜትር ሊያደርገው ፈለገ እንበል። «ትንሽ ሰፋ አድርግልኝ እንጂ» ይላል። የግንበኛው ልማድና የባለ ቤቱ ግምት የሚነግራቸው አንድ ነገር ነው፤ ርቀቱ በአንድ ተኩል እጥፍ ስለጨመረ ጫናው ቢበዛ በአንድ ተኩል እጥፍ ቢጨምር ነው። ስሌቱ ግን እንዲህ አይልም። በየሜትሩ የሚጫነው ክብደት ያው ሆኖ ሁለት ጫፉ ላይ በተቀመጠ ቢም ላይ፣ ቢሙን ለማጉበጥ የሚሠራው ጫና (ተማሪዎች «ቤንዲንግ ሞመንት» የሚሉት) የሚያድገው በርቀቱ ልክ ሳይሆን ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። ስለዚህ ከ4 ወደ 6 ሜትር ሲኬድ ጫናው 2.25 እጥፍ ይሆናል። ቢሙ መሀሉ ላይ ወደ ታች የሚጎብጠው ልክ ደግሞ፣ ውፍረቱ ካልተጨመረ፣ ርቀቱ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ስለሚያድግ ከ5 እጥፍ ይበልጣል። በግምትና በስሌት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። በዚህ ልዩነት ውስጥ ደግሞ አንድ ቤተ ሰብ ራት ይበላል፤ ልጆች ይተኛሉ።

ሌላም እንጨምር። አርማታ ሲጨመቅ ብርቱ ነው፤ ሲሳብ ግን ደካማ ነው። የመሳብ ጉልበቱ ከመጨመቅ ጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ፌሮ የሚገባውም ይህንን ድካም ሊሸፍን ነው። በሁለት ኮለን መካከል የተኛ ቢም መሀሉ ወደ ታች ሲጎብጥ የሚለጠጠው የታችኛው ፊቱ ስለሆነ፣ ዋናው ፌሮ ከታች ይደረጋል። ከግድግዳ ወጥቶ የተንጠለጠለ በረንዳ ግን የሚጎብጠው ጫፉ ላይ ነው፤ የሚለጠጠውም የላይኛው ፊቱ ነው፤ ስለዚህ ፌሮው ከላይ መሆን አለበት። ይህንን ሳያውቅ «ሶሌታ ሁሉ አንድ ነው» ብሎ የበረንዳውንም ፌሮ ከታች የሚያስር ሰው የሚያባክነው ብረቱን ብቻ አይደለም። በረንዳው ላይ ሰው ይቆምበታልና። መሐንዲሱ እዚያ ቦታ የሚፈለገው ፎርማን በድምፅ ስለሚበልጥ አይደለም፤ የትኛው ፊት እንደሚለጠጥ በወረቀት ላይ አስቀድሞ ስላየ ነው። በሒሳብ 28 ያገኘው ልጅ አምስቱን ዓመት በኩረጃና በልመና ቢጨርስ፣ ዕዳውን የሚከፍለው እርሱ ሳይሆን በረንዳው ላይ የቆመው ሰው ነው የምንለውም ስለዚህ ነው።

የንድፍ ትምህርትም አለ፤ ስለ እርሱ ብዙ ሰው አይናገርም። ይህ አንድን ዕቃ ከፊት፣ ከላይና ከጎን አይቶ በሦስት ሥዕል ማስቀመጥ፣ ሦስቱን ሥዕል አይቶም ዕቃውን በአሳብ መልሶ ማቆም ነው። ዱሮ በትልቅ ሰሌዳ ላይ በእርሳስና በማስመሪያ ብቻ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ኮምፒዩተሩ ብዙውን ያግዛል፤ ቢሆንም ኮምፒዩተሩ የሚሥለው የታዘዘውን ነው። በጽሑፍ ፈተና ጎበዝ የነበሩ ልጆች እዚህ ሲደናገሩ፣ አባታቸው አናጢ የሆነ ወይም በልጅነታቸው ራዲዮ ሲፈቱና ሲገጥሙ ያደጉ ደግሞ በቀላሉ ይወጡታል። ድሮ በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውና እንጨት የሚጠርበው ሰው ምን ተብሎ ይጠራ እንደነበር አንባቢ ያውቃል። ዛሬ መሐንዲስ የሚባለው ስም ሲከበር የእጅ ሥራው ግን እንደ ቀድሞው መናቁ አልቀረም። በእጁ መሥራት የሚያፍር ልጅ ለዚህ ትምህርት አልተዘጋጀም። እኅቶቻችንም «የብረት ሥራ ለሴት አይሆንም» የሚለውን ወሬ እዚህ በር ላይ ጥለውት ቢገቡ ይሻላል፤ ሦስቱን ሥዕል አይቶ ዕቃውን ማቆም የሚጠይቀው ጡንቻ አይደለም።

ስለ እንግሊዝኛ አንድ ቃል ብቻ። ትምህርቱ ሁሉ፣ መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። የስታቲክስ ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ ስድስትና ሰባት መስመር ታሪክ ነው፤ መሰላሉ የት እንደተደገፈ፣ ገመዱ በየት እንደታሰረ፣ ወለሉ የሚያንሸራትት ይሁን አይሁን ይተርካል። ያንን ታሪክ ያልተረዳ ሰው ስሌቱን ቢያውቅም የሚያሰላው ሌላ ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ካለፈ በኋላ የክፍል ምርጫ ይመጣል። ሲቪል፣ ሜካኒካል፣ ኤሌክትሪካል፣ ኬሚካል፣ ሌሎችም አሉ። ተማሪው ይመርጣል፤ ቦታው የተወሰነ ስለሆነ ግን የሚደለደለው በውጤቱ ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ «ምሕንድስና ገባሁ» ማለት የተመኙትን ምሕንድስና ገቡ ማለት አይደለም። ከዚህም ጋር የሚያሳዝነን ነገር አለ፤ ውጤት ያለው ልጅ የሚወደውን ትቶ ጓደኞቹ የሚጋፉበትን ክፍል ይመርጣል። ለፓምፕና ለሞተር የተፈጠረ ልጅ ስሙ የገነነውን ክፍል መርጦ አራት ዓመት ሲያዛጋ ማየት ያስቆጫል።

መንግሥት ከ2001 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ዩኒቨርስቲ ከሚገቡት ከመቶ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማሩ ብሎ ስለነበር፣ የምሕንድስና ክፍሎች በየዩኒቨርስቲው ፈሉ። በሩ በሰፊው ሲከፈት ብዙ ልጆች ሳይወዱና ሳይዘጋጁ ተመድበው ገቡ፤ ቤተ ሙከራውና መምህሩ ግን በተማሪው ቁጥር ልክ አልጨመሩም። ከዚያ ትውልድ ጎበዝ መሐንዲሶች ወጥተዋል። ዲግሪውን በፌስታል ይዘው ሥራ ፍለጋ ጫማቸውን የጨረሱም ብዙ ናቸው። ታላቅ ወንድማችሁ ወይም የጎረቤት ልጅ ከእነርሱ አንዱ ከሆነ፣ ከማንም ይልቅ እርሱን ጠይቁት፤ የትኛው ትምህርት እንደከበደው፣ ምን ቢዘጋጅ ኖሮ ይሻለው እንደነበር ይነግራችኋል።

በላይኞቹ ዓመቶች ተማሪው ከግቢው ወጥቶ ለአንድ የትምህርት አጋማሽ ያህል በሥራ ቦታ ይለማመዳል። ጥቂቶች ይህንን ጊዜ ፊርማ አስፈርመው የሚያርፉበት ያደርጉታል። ብልሁ ግን ከፎርማኑ ሥር አይጠፋም፤ በመጽሐፍ ያየው ፌሮ እንዴት እንደሚታሰር፣ ሲሚንቶው ሲዘገይ ሥራው ምን እንደሚሆን፣ ሠራተኛ በምን ቋንቋ እንደሚታዘዝ የሚያየው እዚያ ነው። በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። ለመመረቅ አማካይ ውጤት ከ2.00 ማነስ የለበትም፤ ይህም ዝቅተኛው ወለል እንጂ የሚያኮራ አይደለም።

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ነገር መጣ፤ የመውጫ ፈተና። አምስቱን ዓመት የጨረሰ ተማሪ ከዋና ዋና ትምህርቶቹ ተውጣጥቶ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠውን ፈተና ተፈትኖ ከመቶ 50 ካላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። የወደቀ ደግሞ ሊፈተን ይችላል። ፈተናው በመንግሥት ዩኒቨርስቲ የተማረውንም በግል የተማረውንም አይለይም። የዚህ ፈተና መምጣት የመግቢያውን ነገር ለውጦታል እንላለን። ቀድሞ በድምር የገባ ደካማ ተማሪ ገፋ ገፋ አድርጎ የሚወጣበት ቀዳዳ ነበር፤ አሁን ቀድሞ የተዘለለው ስታቲክስ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከምረቃም በኋላ ቢሆን አዲሱ ተመራቂ በራሱ ስም ሕንፃ ልንደፍ ቢል ወዲያው አይፈቀድለትም፤ መጀመሪያ በጀማሪ ደረጃ ይመዘገባል፤ ወደ ላይኞቹ የባለሙያ ደረጃዎች የሚወጣው በሥራ ልምድ ነው።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤት ጓደኞቻችን እንመለስ። ሥራ ላይ ያለ ሰው ምሕንድስና መማር ይችላል ወይ? ይችላል፤ ግን ከሌላው ትምህርት ይልቅ ይከብደዋል። አካውንቲንግ ወይም ማኔጅመንት የሚማር ሠራተኛ መጽሐፉን በአውቶቡስ ውስጥ ሊያነብ ይችላል። ቤተ ሙከራ፣ ወርክሾፕና የንድፍ ክፍል ግን በአውቶቡስ አይያዙም፤ ሰውዬው ራሱ በሰዓቱ መገኘት አለበት። ስለዚህ በማታ የሚማር ሰው አለቃው በ11 ሰዓት ተኩል የሚለቀው መሆኑን፣ ወር በመጣ ቁጥር ወደ ክፍለ ሀገር የማይልከው መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ። የማታው ትምህርት ከቀኑ ይልቅ ብዙ ዓመት እንደሚወስድም ይቁጠር። ዕድሜው 24 የሆነ ሰው ስምንት ዓመት ቢፈጅበት 32 ይሆናል፤ ይህ የሚያስፈራ ቁጥር አይደለም፤ ሚስትና ልጅ ካሉት ግን ከእነርሱ ጋር ተመካክሮ የሚጀመር ነገር ነው።

ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አንድ ሙከራ ያድርግ እንላለን። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ይያዝ። ለሦስት ወር፣ በየማታው አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ መልመጃውን ይሥራ። መልሱን አይቶ «አዎ፣ ገብቶኛል» ማለት አይቆጠርም፤ መልሱን ሳያይ የሠራው ብቻ ይቆጠራል። በሦስት ወር መጨረሻ አብዛኛውን በራሱ ከሠራ ያመልክት። ካቃተው የ9ኛውንና የ10ኛውን መጽሐፍ ይመለስ፤ ከዚያም ደግሞ ይሞክር። ሙከራው የሚያስወጣው የሻማ ወይም የመብራት ብቻ ነው። በሦስተኛው ሳምንት መጽሐፉን ጠልቶ የተወው ሰውም የሚያገኘው ትርፍ አለ፤ የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያና የአንድ ዓመት ማታ ተርፎለታል።

የአገር አቀፍ ፈተና ውጤቱ ያልበቃው ሠራተኛ በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ ዳግመኛ መፈተን ይችላል። ከዚህ ሌላ የቴክኒክና ሙያ መንገድ አለ። በቅየሳ፣ በንድፍ፣ በኤሌክትሪክ፣ በመኪና ጥገና በየደረጃው እየተማሩና እየተመዘኑ የሚወጡበት ነው። ይህንን መንገድ እንደ ሁለተኛ ልጅ የሚያዩት ብዙ ናቸው። እኛ ግን የሚሠራ ቴክኒሻን ከማይሠራ ባለ ዲግሪ ይሻላል ብለን ከማመናችን በላይ፣ በሥራ ቦታ የተፈለገው ብዙ ጊዜ እርሱ ሆኖ አግኝተነዋል።

ወደ ግል ኮሌጅ ለሚሄዱ ደግሞ አንድ ነገር እናስታውስ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነትና ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ለየብቻ ነው። መገናኛ ያለው ቅርንጫፍ ለአካውንቲንግ የተፈቀደለት መሆኑ ፒያሳ ያለው ቅርንጫፍ ሲቪል ምሕንድስና ያስተምር ዘንድ አያበቃውም። ስለዚህ መዝጋቢዋ ደረሰኝ ከመቁረጧ በፊት የዚያኑ ትምህርት፣ የዚያኑ ቅርንጫፍ የፈቃድ ደብዳቤ አሳዩኝ ይበሉ፤ ቀኑ ያላለፈበት መሆኑንም ይመልከቱ፤ ከዚያም ቤተ ሙከራው የት እንዳለ ጠይቀው በዓይናቸው ያዩት። በሩ ተቆልፎ ቁልፍ የያዘው ሰው የማይገኝ ከሆነ ሌላ ቀን ይመለሱ። በሦስተኛውም ቀን ካልተገኘ ገንዘባቸውን በኪሳቸው ይዘው ይሂዱ።